የተሸለመውን ፊልም ያየ ሰው

በዚህ ዘመን ሳይሸለሙ መሞት እየከበደ ሄዷል። ይህን የምለው ከምቀኝነት አይደለም፤ ከምቀኝነትም ቢሆን ምን ታመጣላችሁ። የምለው ካባ ሰፊ ስለሆንኩ ነው። መቱ ላይ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስትወጡ በምታገኟት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ጥቁር ከፋይ ላይ ወርቃማ ጥልፍ ሳሳርፍ ዕድሜዬ አለቀ። ድሮ ካባ የሚያዘኝ የሙሽራ ቤተሰብ ነበር፤ አልፎ አልፎም ቤተ ክህነት። አሁን ኃላፊው ሲሾም ካባ ነው፣ ሲዛወር ካባ ነው፣ ለምን እንደተዛወረ ሁላችንም እያወቅን ካባ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ሰዎች መጥተው ለመሥሪያ ቤት ባልደረባቸው ሲያዙኝ «ለመሆኑ ሰውየው ምን ሠርቶ ነው?» ብላቸው እርስ በርስ ተያዩና «ብዙ ቆይቷል» አሉኝ። ለመቆየቱ ሰፋሁለት።

አትሳሳቱ፣ የሠራ ሰው አይመስገን አላልኩም። እንዲያውም በቁሙ ዞር ብሎ ያላየውን ሰው ሲሞት ደረቱን እየደቃ የሚያለቅስ ሕዝብ ሲያናድደኝ ነው የኖረው። ነገር ግን «ሽልም ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል» ሲባል ሰምታችኋል። የሴትየዋ ሆድ በእርግዝና ይነፋ በቂጣ፣ ጊዜ ይለየዋል ለማለት ነው። ሽልማት የሚባለው ነገር ስሙ ከሽልም ቢቀራረብም ይህ ፈተና አይነካውም። ቂጣም ሆኖ ይገፋል። በዚህ ላይ እኔ ካባ እሰፋለታለሁ።

ይህን ሁሉ የሚያናግረኝ ደምሰው ነው። ደምሰው የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ የመቱ ልጅ፤ አንድ ክፍል ተምረናል። ስለዚህ እኔ «አንተ» ነው የምለው። ሌላው ሰው «ጋሼ ደምሰው» ሲለው ቆይቶ ሰሞኑን «ክቡር ዳይሬክተር» ማለት ጀምሯል፤ እሱም ዞር ይላል። ሥራውን የጀመረው እዚሁ ከተማ ሠርግ በመቅረጽ ነው። ቀጥሎ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ሦስት የፍቅር ፊልም ሠራ፤ እውነቱን ለመናገር ደህና ነበሩ። እዚህ ቪዲዮ ቤት ሲታዩ አግዳሚ ወንበር ጠፍቶ ቆመን ነው ያየናቸው፤ አንዱ ላይ አልቅሼ ስወጣ ጎረቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ይዛኝ ቤቴ ድረስ ሸኝታኛለች። በእነዚያ ፊልሞች አንድም ዋንጫ አላገኘም። ሕዝብ ነው የወደዳቸው፤ ሕዝብ ደግሞ ዋንጫ የለውም።

ዋንጫው የመጣው በጫካው ፊልም ነው። ደምሰው ካሜራና ሰው ጭኖ ሁሩሙ ገባ፤ ከዚያም ወደ ያዮ ዘለቀ፤ ስለ ጫካ ቡናና ስለ ማር፣ ስለ ዛፍ መቆረጥ የሚያሳዝን ፊልም ሠራ ተባለ። ፊልሙ ባሕር ተሻግሮ ስሙን ደምሰው ራሱ በቅጡ የማይጠራው ከተማ ውስጥ ተሸለመ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። አንዱ የሸለመው ሌላው ስለሸለመው ነው። የመስታወት ዋንጫ መጣ፣ የእንጨት ዋንጫ መጣ፣ ስሙ «ዳምሰዋ» ተብሎ የተቀረጸበት ጋሻ መሰል ነገርም መጣ። አገር ውስጥ ደግሞ «ዓለም ያወቀውን ልጃችንን እኛ እንዴት» እየተባለ ጎሬ ካባ አለበሰችው፣ በደሌ አለበሰችው፣ ኡካም እንደ አቅሟ አለበሰችው። የኡካው ዕለት ዝናቡ ከፋዩን አበስብሶት ደምሰው ለሳምንት ሳል ይዞት ነበር፤ ሳሉንም ለአገሩ የከፈለው መሥዋዕትነት አድርጎ በሬዲዮ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያስገኘውን ፊልም ግን ኢሉባቦር ውስጥ አንድ ሰው አላየውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንድ ጊዜ ለልኬት ሱቄ ሲመጣ «ለምን አታሳየንም?» ብለው «እሱ እኮ የፌስቲቫል ፊልም ነው፣ ወይንሸት» አለኝ፤ ለታናሽ እህቱ የሚያስረዳ ይመስል ትከሻዬን መታ አድርጎ። ፌስቲቫል የትኛው አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ ብቻ እንደኛ ዓይነት ሰው አይደለም።

አሁን ኦቦ ገለታን ላስተዋውቃችሁ። ኦቦ ገለታ የሁሩሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ንብ ያነባሉ፤ ቀፏቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው በዝናብ መሀል ማር የሚያወርዱ ሰው ናቸው። ደምሰውና ጭፍሮቹ ዝናብ አላስቀርጽ ሲላቸው የከረሙት እሳቸው ቤት ነው። ሎሚ የምትባለው ሚስታቸው አብልታ አጠጥታቸዋለች፤ እነሱም በምስጋና ይሁን ሰው ጠፍቶ እንጃ፣ ማር ተሸክማ በጫካው መንገድ ስታልፍ ቀርጸዋታል። ሎሚ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የዛሬን አያድርገውና ያኔ በሁሩሙ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ የያዘ ሰው ብርቅ ነበር። የቀበሌ መታወቂያዋም ረጥቦ ፎቶው ተልጦ ጆሮዋና አንገቷ ብቻ ቀርቷል። እንግዲህ የዚያች ሴት ፊት በዚህ ዓለም ላይ ያለው ደምሰው ፊልም ውስጥ ብቻ ነው።

ኦቦ ገለታ ደምሰው ይሸለማል ሲባል በሰሙ ቁጥር ይመጣሉ። ጎሬ መጥተዋል፣ በደሌ መጥተዋል፣ ለኡካው በእግራቸው ጭምር ሄደዋል። ፊት ይቀመጣሉ፤ ንግግሩን ሁሉ ይሰማሉ፤ ሲያልቅ «ፊልሙስ?» ይላሉ። ፊልሙ አልመጣም ይባላሉ። አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ደምሰውን በጣም የሚያደንቁ ሽማግሌ ይመስሉታል፤ ደምሰውም መስሎት አንድ ቀን አቅፎ ፎቶ ተነስቷል።

ዘንድሮ መቱ ተራዋ ደረሰ። ለሕይወት ዘመን አገልግሎት ነው ተባለ፤ ካባው ካለፉት ሁሉ እንዲረዝም ታዘዝኩ። ኦቦ ገለታ ጠዋት ሱቄ ብቅ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁና «ልጄ፣ አንቺ ካባ ሰፊዋ ታውቂ እንደሆነ፣ ዛሬ ያሳዩታል?» አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ መቀሴን ጣልኩና ወደ አስተባባሪው ወሰድኳቸው።

አስተባባሪው ኪሩቤል ይባላል። እናቱ የጎሬ ሰው ስለሆነች «እኔ እኮ የዚሁ ልጅ ነኝ» ይላል፤ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ኦሮምኛ እችላለሁ ባይ ነው፤ የሚችለው ሰላምታና የምግብ ስም ነው። ኦቦ ገለታ አማርኛቸው ደህና ነው፤ ሆዳቸው ሲባባ ግን ወደ ኦሮምኛው ያዘነብላሉ። «ሃዳ መናኮ እዚያ ውስጥ ናት። አንድ ጊዜ ልያት፣ ሌላ አልፈልግም» አሉት። እኔ ላስረዳው አፌን ስከፍት ኪሩቤል እጁን አነሳብኝ። «ገብቶኛል፣ እትዬ ወይንሸት። ቋንቋዬ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አይዞዎት አባቴ፣ ዛሬ መድረክ ላይ አለንልዎት።» ኦቦ ገለታ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፤ እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል። ኦቦ ገለታ አቡጀዲውን ሲያዩ ክንዴን ያዙ። ዞኑ ተናገረ፣ ወረዳው ተናገረ፣ ባለሀብቱ ተናገረ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ማን ምን እንዳለ ባይሰማም አጨበጨብን። ከዚያ መብራት ጠፋና ምስል መጣ። ደምሰው ዋንጫ ሲቀበል። ደምሰው ሌላ ዋንጫ ሲቀበል። ደምሰው ጎሬ ካባ ሲለብስ፣ ደምሰው በደሌ ካባ ሲለብስ፣ ደምሰው ዋንጫ ስለመቀበል ሲናገር። እውነቴን ነው፣ የጫካው ፊልም ተብሎ አንዲት ቅጠል እንኳ አላየንም። ኦቦ ገለታ እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ከዋንጫዎቹ መሀል ድንገት ሎሚ ብቅ ትል እንደሆነ እየጠበቁ ነበር። መብራት ሲመለስ ወደኔ ዞረው «አለቀ?» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ኪሩቤል ማይክራፎኑን አንስቶ ልዩ ፕሮግራም አለን አለ። የኦቦ ገለታን ስም ጠርቶ መድረክ ላይ አወጣቸው፤ ደምሰው ረጅሙን ካባ እየጎተተ መጥቶ በመስታወት የተለበደ የምስክር ወረቀት አስረከባቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ኪሩቤልም በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «የፊልሙ ባለውለታ ለነበሩት ለውድ እናታቸው መታሰቢያ» ብሎ አነበበ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሃዳ ማለት እናት ነው። ሃዳ መና ግን፣ ቃል በቃል የቤት እናት ይሁን እንጂ፣ ሚስት ማለት ነው፤ «ኮ» ሲጨመርበት ሚስቴ፤ መቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ኪሩቤል ሃዳውን ይዞ መናውን ጥሎ ሮጧል። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ለማክበርም ይሁን ሳቁን ለመሸፈን ሁሉም አጨበጨበ። ኦቦ ገለታ አጠገቤ ተመልሰው ተቀመጡና ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እናቴ የሞተችው በጃንሆይ ጊዜ ነው» አሉ፤ «ፊልም አታውቅም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም፤ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ትተውት ተነሱ። እኔም ተከተልኳቸው።

ደምሰው በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ከነካባው ቆሟል፤ ሰው ከቦታል። ኦቦ ገለታ ክቡን ሰንጥቀው ገቡና «ደምሰው፣ ፊልሙ የት ነው?» አሉት። እሱም ይህን ያህል ዓመት «የት ነው» ብሎ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ መልስ አላዘጋጀም፤ እውነቱን ተናገረ። የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ተበላሽቷል። ሌላው ቅጂ ውጭ አገር ፌስቲቫሉን ያዘጋጁት ሰዎች ዘንድ ቀርቷል፤ እነሱም አድራሻቸው ጠፍቷል። «ፊልሙ የለም፣ ኦቦ ገለታ» አለ። «ሽልማቶቹ ግን በሙሉ አሉ።»

እኔ ብሆን በዚያ ካባ አንቄው ነበር። እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም።

«ያየው ሰው ግን አለ?»

«እንዴ፣ ዳኞቹ አይተውታል። እኔም በልቤ ይዤዋለሁ፤ እያንዳንዷን ምስል።»

«እንግዲያ ንገረኝ» አሉት። «ሎሚ ምን ለብሳ ነበር?»

ደምሰው ዓይኑን ጨፈነ። ዳይሬክተር ሲያስታውስ እንዲህ ነው የሚያደርገው መሰለኝ። «ነጭ ቀሚስ» አለ፤ «ነጭ ነጠላ፣ ጫፉ በነፋስ እየተውለበለበ፣ ከኋላዋ ብርሃን...»

«ዝናብ ነበር» አሉት ኦቦ ገለታ። «የኔን ካፖርት ደርባ ነበር። አንተ ራስህ አውልቂው ብለሃት እምቢ አለችህ። ስቀሃል እኮ።»

ደምሰው ዓይኑን ገለጠ። እውነት ለመናገር ለአንድ አፍታ ፊቱ ጠቆረ፤ አፈረ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም አብሮ የተማርኩት ልጅ የተመለሰ መስሎኝ ልራራለት ነበር። ከዚያ እጁን ኦቦ ገለታ ትከሻ ላይ ጣለና በእሳቸው አናት በላይ ኪሩቤልን አየው። «ይሄ እኮ ፊልም ነው» አለ።

ቀልዴን አይደለም። የሚስቱን ምስል የሚፈልግ አንድ ሽማግሌ። ደምሰው አዲስ አበባ ተመልሶ ጻፈው፤ ጽሑፉም ገና ካሜራ ሳይነሳ ለሐሳቡ ተሸለመ። ኪሩቤል ስልክ ደውሎ የምሥራቹን ነግሮኝ በዚያው የካባ ልኬት አስታወሰኝ።

ባለፈው ሳምንት ደምሰውና ኪሩቤል ሁሩሙ ሄደው ነበር፤ እኔንም ለማግባባት ይዘውኝ ሄዱ፤ ለማግባባት ሳይሆን ጉዳቸውን ለማየት ነው የሄድኩት። ደምሰው በእርጋታ አስረዳቸው። ኦቦ ገለታ ራሳቸውን ሆነው ይሠራሉ። ሎሚን የምትሠራ ቆንጆ ተዋናይት ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ለእውነተኛነቱ ሲባል ደግሞ ያንን ካፖርት ቢያውሷቸው፣ ሥራው ሲያልቅ በክብር ይመልሱታል።

ኦቦ ገለታ ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ገብተው ካፖርቱን አወጡት፤ ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ የአረንጓዴነቱ ዘመን ያለፈ ካፖርት ነው። ኪሩቤል ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን እጅጌውን አንድ በአንድ አጥልቀው ራሳቸው ለበሱትና ቁልፉን እስከ አንገታቸው ቆለፉት።

«ሎሚን ሰጠኋችሁ፣ አጠፋችሁብኝ» አሉ። «ይሄን አልሰጥም።»

ቀፏቸውን ሊያዩ ወጡ። ደምሰው ከሌላ ቦታ ካፖርት ይፈልግ እንደሆነ እንጃለት፤ ፊልሙ ግን መሸለሙ አይቀርም። ዋናውን ካፖርት ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ሁሩሙ ነው ያለው። ኦቦ ገለታ ዝናብ ሲጥል ይለብሱታል፤ ኢሉባቦር ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው።