በገና ጾም የረጋው ዘይት

ሰው የሚበላውን ነገር ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ይመስለኛል፤ አንድም ሆዱን ሲቆርጠው፣ አንድም ጾም ሲገባ። በሌላው ጊዜ "ስንት ነው?" ይላል፣ መልሱ ካላስደነገጠው ዝም ብሎ ይጎርሳል። አትቆጡኝ። እናንተ ራሳችሁ ዛሬ ምሳ የበላችሁት ወጥ በየት አገር ዘይት እንደተሠራ ብጠይቃችሁ፣ ጓዳ ገብታችሁ ጀሪካኑን ሳታገላብጡ የምትመልሱልኝ አይመስለኝም። እኔም ብጠየቅ ያው ነኝ።

ጾም ሲገባ ግን ሌላ ሰው እንሆናለን። ለአንዲት ብስኩት "ወተት አለው?" እያልን ባለሱቁን እናፋጥጣለን። ባለሱቁ ማሸጊያውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ የማያውቀውን ቋንቋ ያነብልንና "የጾም ነው" ይለናል። በቃ፣ ምርመራው አበቃ። ከላም አለመምጣቱን ካረጋገጥን ከየትም ይምጣ፣ ማንም ይሥራው፣ ጉዳያችን አይደለም። ዛሬ የማወጋችሁ ይኸው ጠባያችን ጎረቤቴን ጋሽ ለሜሳን ምን እንዳደረገው ነው።

ጋሽ ለሜሳ አቃቂ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ፣ በግቢው ኑግ እየጨመቀ ዘይት የሚሸጥ ሰው ነበር። መጭመቂያዋ ሲገዛትም አሮጌ ነበረች። ስትነሳ የእኛ ቤት ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ አብረዋት ይንጫጫሉ፤ ባለቤቴም "ይቺ መኪና አንድ ቀን ቤቱን ታፈርስብናለች" እያለች ታማርራለች። መኪናዋ ሳትነሳ ያረፈደች ቀን ግን "ምነው፣ ለሜሳን አሞት ይሆን?" ብላ እኔን የምትልከኝ ራሷ ነበረች።

ኑጉ ከሩቅ አይመጣም። የጋሽ ለሜሳ ታናሽ ወንድም ደበላ ቂሊንጦ አጠገብ ከአባታቸው በቀረ ጥቁር መሬት ላይ ያርሳል፤ ውኃ የሚተኛበትን፣ ሌላ እህል እምቢ ያለውን ጎን ለኑግ ይተወዋል። ኑግ ደግሞ ማዳበሪያ ካልሰጣችሁኝ ብላ አታኮርፍም። በጥቅምት ሜዳውን ቢጫ ታደርገዋለች፣ የአገሩ ንብ ሁሉ እዚያ ይውላል፤ ከዚያ ታጭዳ ተወቅታ በአህያ ጋሽ ለሜሳ ግቢ ትገባለች። ዘይቱን እኛ እንወስዳለን። ተረፈ ጭማቂውን፣ ፋጉሎውን፣ ላም አርቢዎች ይወስዱታል፤ ወተቱም ዞሮ ወደ እኛው ልጆች ይመጣል። ይህን ሁሉ ያቀደው ሰው አልነበረም፤ ስብሰባም አልተጠራለትም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል የሠራው።

የጋሽ ለሜሳ ኑሮ የቆመው በጾም ነው። ቅቤ ሲከለከል ዘይት ይነግሣል። "አገር በሁዳዴ ሲከሳ አንተ ትወፍራለህ" እያልን እናሾፍበት ነበር፤ እሱ ግን ከሁላችንም የባሰ ጿሚ ስለነበር ሲወፍር አይተነው አናውቅም።

እንግዲህ ዘመኑ ግንባሩ አገር የሚመራበት፣ ዕድገት ሳይነሳ ዜና የማያልቅበት ዘመን ነው። ዘይት አልቀመስ አለ። መንግሥትም ገበያውን ላረጋጋ ብሎ ከባሕር ማዶ የፓልም ዘይት በመርከብ እያስመጣ በሸማቾች ማህበር በኩል በርካሽ ያከፋፍል ጀመር። ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም፤ ድስቱ የደረቀበት ሰው ብዙ ነበር፣ የእኔም ድስት ከእነሱ ውስጥ ናት። ነገር ግን የእኛ ኑግ በዚያው ወደብ በኩል በሌላው አቅጣጫ ይወጣ ነበር። ወዴት? ላኪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አንድ ዘመዴ ሲነግረኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር፤ ፈረንጆች በረዶ ሲጥልባቸው መስኮታቸው ላይ ለሚያርፉ ወፎች ይበትኑታል አለኝ። ምንዛሪ ያመጣላ! ምንዛሪው ሲመጣ ደግሞ ዘይት ይገዛበታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼኔ ነው።

የፓልሙ ባለቤት ኩባንያ እርሻውም የራሱ፣ ፋብሪካውም የራሱ፣ መርከቡም የራሱ ነው ይባላል። እዚህ ተቀብለው የሚያስገቡትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጋሽ ለሜሳ ያለችው አንዲት የምትንቀጠቀጥ መኪናና አንድ ወንድም ነው። ይህንን ነው እንግዲህ ነፃ ገበያ ያሉት። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ሸማቾች ወረፋ ዞሩ፤ የእኔም ቤት ጀሪካን አብራ ዞረች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ስንሄድ እየሳቅን ነበር የሄድነው። ጋሽ ለሜሳ በር ላይ ቆሞ ሰላም ይለናል፤ እኛም ጀሪካኑን እሱ ወደሌለበት ጎናችን አዙረን ሰላም እንለዋለን።

በበልጉ ደግሞ የግብርና ባለሙያው ደበላ ዘንድ መጥቶ ኑጉን ትቶ ያንንም ጎን አጠንፍፎ ስንዴ በማዳበሪያ እንዲዘራ መክሮት ሄዷል። ኑግ የግብርናው ፓኬጅ ውስጥ የለችም። ደበላ ወንድሙን "አንተ የማትገዛኝ ከሆነ ለማን ልዝራ?" አለው። ጋሽ ለሜሳም "የዘንድሮውን ብቻ ዝራልኝ፤ ያንተን ጨምቄ እንዴት እንደምሆን ልየው፤ ካልሆነ መኪናዋን እሸጣታለሁ" ብሎ ለመነው። እንዲህ ባለ ቀጭን ክር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ የገና ጾም ገባ።

አሁን ወደ ጉዳችን ደረስን። ታኅሣሥ ላይ አቃቂ ሜዳው እንዴት እንደሚበርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ማለዳ እማማ በላይነሽ፣ የባቡር ሠራተኛ የነበረው ጎረቤታችን ሚስት፣ ሽሮ ሊሠሩ ጀሪካናቸውን ቢያዘነብሉ ዘይቱ አልወርድም አለ። ቢያዩት ረግቷል። ነጭ ሆኖ፣ ጠጥሮ፣ በማንኪያ የሚዛቅ ሆኗል። እማማ በላይነሽ በሕይወታቸው ሲበርደው የሚረጋ ነገር የሚያውቁት ቅቤና ሞራ ነው። ኑግ ረግቶባቸው አያውቅም።

እማማ ቆራቢ ናቸው። ጀሪካኑን እንደታቀፉ ወደ እኛ ቤት መጡ፤ የእኛንም ብናየው ረግቷል። ሠፈሩ ሁሉ ረግቶበታል። ወሬው ማለዳ "ሞራ ያለበት ዘይት" ሆኖ ከእኛ በር ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ቃሊቲ ደርሶ ሲመለስ እንኳን የላም ሊሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ስሙ የማይነሳ እንስሳ ሆኖ ነበር የተመለሰው። በማግስቱ የጋሽ ለሜሳ በር ሰው በሰው ሆነ። ብርጭቆዎቻችን እንደገና ይንጫጩ ጀመር፤ ባለቤቴም ማማረሯን ቀጠለች፤ ደስ አለኝ።

የዚያን ሰሞን የጋሽ ለሜሳን ፊት ብታዩት ኖሮ! የደበላን ኑግ ጨርሶ ከሌሎች ገበሬዎች ይፈልግ ጀመር። ለወንድሙም ለመጪው ክረምት ያንን ጎን ለስንዴ እንዳይሰጥ ላከበት። ሰዎቹ እስከ ሁዳዴ በዚሁ ከቆዩለት መኪናዋ አትሸጥም፣ ኑጉም ይዘራል። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

እማማ በላይነሽ ግን ሰላም አጡ። ያንን ዘይት ከመስከረም ጀምሮ ሲበሉት ከርመዋል፤ ጾም ሽሬያለሁ ብለው ከቁርባን ራሳቸውን ከለከሉ። ሌሊት ያለቅሳሉ፣ ቀን አይበሉም። ከቤት ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ከበሩ አያልፉም፤ ውጭ ቆመው ይሳለማሉ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ኃይለ ማርያም ሊያጽናኗቸው ቢሞክሩም እሳቸውም የዘይቱን ምንነት አያውቁትም፤ ሳያውቁ ደግሞ "የጾም ነው" ብለው አይፈቱም። በመጨረሻ ከገና በፊት ባለው ሰንበት፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት፣ መምሬ ወደ ጋሽ ለሜሳ ዞሩ።

"ለሜሳ፣ ከመካከላችን ዘይት ስታይ ያረጀህ አንተ ነህ፤ ይህ ነገር ከእንስሳ ነው ወይስ ከዕፅ? እኚህ እናት ለገና መቁረብ አለባቸው፤ እንደ ኅሊናህ ንገረን" አሉት።

ጋሽ ለሜሳ እንደሚያውቅ እኔ አውቅ ነበር። በወጣትነቱ አንድ አርመን ዘይት ጨማቂ ዘንድ ሲሠራ ሲበርደው የሚረጋ የዛፍ ዘይት እንዳለ ሰምቶ፣ ያንኑ ነገር ከሳምንት በፊት ነግሮኛል። "አላውቅም" ቢል ማንም አይከሰውም፤ ዘይት ሻጭ እንጂ መምህር አይደለም። ዝም ቢል እንኳ ሁዳዴው የእሱ ነው። በሁለት እጁ የያዛትን ጣሳ ትንሽ ቆየባትና መሬት ላይ አስቀመጣት።

"የዛፍ ፍሬ ነው፣ አባቴ። ሲበርደው መርጋት ጠባዩ ነው። የጾም ነው" አለ።

እማማ በላይነሽ ተነሥተው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በድንጋጤ ደግፎ አነሳቸው። "እንጀራህን ያብዛልህ" ብለው መረቁት፤ ማኅበርተኛውም አሜን አለ፤ እኔም አሜን አልኩ። መምሬም "እውነትን የያዘ ከመሸበት ያድራል" ብለው አመሰገኑት። ማደሩንስ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ማኅበርተኛው በሙሉ ሸማቾች በር ላይ ወረፋ ይዞ ነበር፤ እማማም አሉበት።

ሰውን አትፍረዱበት። የወር ደመወዙ ከወሩ የምታጥርበት ሰው ርካሹን ትቶ ውዱን የሚገዛበት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ የነበረው ምክንያት ጾም ብቻ ነበር፣ እሱንም ጋሽ ለሜሳ በገዛ አፉ ወሰደው። ከሰንበቴው ሲመለስ አብሬው ስለነበርኩ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። "እማማ መቁረብ ትተው እኔ እንዴት ዘይት ልሽጥ?" አለኝ።

ሁዳዴ መጣ፣ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች መጥተው ፈታትተው ጫኗት። ባለቤቴ መስኮት ላይ ቆማ ስታይ ነበር፤ ከዚያ ብርጭቆዎቹን ያለምንም ምክንያት አውርዳ አጠበቻቸው። ፋጉሎ ሲጠፋ ከላም አርቢዎቹ ገሚሱ ላማቸውን ሸጡ፤ ወተት በላስቲክ ከሱቅ እንገዛ ጀመር። ደበላም ያንን ጎን ለስንዴ ሰጠው። ስንዴው ውኃ የሚተኛበትን መሬት አልወደደውም፤ አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየ፣ በሌላው ዓመት ያለጊዜው መጥቶ ዛላውን አበሰበሰው፣ ማዳበሪያው ግን በየዓመቱ ይገዛል። ቆይቶ መሬቱ ለመጋዘን ተፈለገና ደበላ ካሳውን ተቀብሎ የባጃጅ ባለቤት ሆነ። ንቦቹ ወዴት እንደሄዱ የጠየቀ የለም። እኔ በጥቅምት በዚያ በኩል ሳልፍ አሁንም ዓይኔ ቢጫውን ይፈልጋል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ አይቶ ይመለሳል፤ ይቆጨኛል።

ከዓመታት በኋላ ወረዳችን ስብሰባ ጠራን። አበል የለውም ግን ሻይና ዳቦ ስላለው አዛውንቱ በሙሉ ተገኘን። አንድ ወጣት ባለሙያ፣ ረጋ ያለ ልጅ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አስረዳን። ለዚያ ለሚረጋው ዘይት ሲባል ባሕር ማዶ ሰፊ ደን እየተመነጠረ እንደሚቃጠል፣ የሚቃጠለው ደን ጭሱ እዚያው እንደማይቀር፣ ሰማይ ደግሞ አጥር እንደሌለው ነገረን። ዘይት ከውጭ መግዛት አገር እንዳደኸየ፣ ስለዚህ ከእንግዲህ የቅባት እህል እዚሁ አምርተን እዚሁ መጭመቅ እንዳለብን አስረግጦ ከተናገረ በኋላ፣ "ከእናንተ መካከል ዘይት የመጭመቅ ልምድ ያለው ሰው ይኖር ይሆን?" ብሎ ጠየቀ።

አዳራሹ ሙሉ ወደ ጋሽ ለሜሳ ዞረ። እሱ እጁን አላነሳም፤ ዳቦውን እየቆረሰ ወለሉን ያያል። ጎኑ የተቀመጡት እማማ በላይነሽ ናቸው፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ የሚያንሾካሹኩ መስሏቸው ጮክ ብለው ያወራሉ።

"ለሜሳ፣ ይኼ ልጅ የሚለው ያንን ዘይት አይደለም እንዴ? ደን የሚያቃጥል፣ አገር የሚያደኸይ ነው እኮ የሚለው። አንተ ያኔ ምንም የለበትም ብለኸን አልነበር?"

ጋሽ ለሜሳ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ ማድረግ ስላለበት አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

"እማማ፣ ያኔ የጠየቃችሁኝ የጾም ነው ወይ ብላችሁ ብቻ ነው። እሱስ የጾም ነው።"