ሃያ አምስት ዲግሪ በሙሉ ድምፅ

በአዳማ ከተማ፣ ስሙ ባይጠራ ደስ በሚለው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ፀሐይ ራሷ ልታከብረው የሚገባ ታላቅ ውሳኔ ተላለፈ። የወለንጪቲ ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጉባኤውን የመሩት ሥራ አስኪያጁ አቶ ማናሴ ነበሩ። አቶ ማናሴ ሆደ ሰፊ ናቸው፤ በዓለም ላይ የሚጠሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልዩነት። መሥሪያ ቤታቸው ለወለንጪቲ ቲማቲም አምራቾች የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት ቦርድ ይሠራል። ነገሩ ቀላል ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መለኪያ «ውሃ አለ» የሚል ምልክት ይልካል፤ ቦርዱ ምልክቱን ሲያገኝ ፓምፑን ያስነሳል። ምልክቱ ከዘገየበት ግን ጉድጓዱ ደርቋል ብሎ ያቆመዋል። በዚያ በጋ ፓምፑ ከቆመ ደግሞ ችግኙ አለቀለት።

ቦርዱ በኮምፒውተር ሲሞከር ምልክቱ በጊዜው ደረሰ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ያላጨበጨበችው ኢንጂነሯ ሑስና ብቻ ናት። ሙከራው የተሠራው መካከለኛ ዕቃ፣ ለብ ያለ አየርና የማይዋዥቅ መብራት አለ ተብሎ ነው አለች። ቦርዱ ላይ የሚገጠሙ፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ ቺፖች እንኳ አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ መሆናቸውን፣ ሙቀት ይበልጥ እንደሚያዘገያቸው፣ ወፍጮ ቤቱ ሲነሳ የወለንጪቲ መብራት እንደሚደክም አስረዳች። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ሲገጥም ምልክቱ ይደርስ እንደሆነ ልሞክር ብላ ጠየቀች።

«መጥፎ መጥፎውን ለቅመሽ በአንድ ቦርድ ላይ ልታዘንቢበት ነው?» አሉ አቶ ማናሴ።

«የምታዘንበውስ ወለንጪቲ ናት፣ ጋሼ።»

«ይሄ ጨለምተኝነት ነው።»

ጨለምተኝነት በዚያ ቤት መድኃኒት አለው፤ ግምገማ። ሑስና ከጠዋት እስከ ማታ ተገመገመች። በዕቃዎች መካከል መከፋፈልን መዝራት፣ ለዘገምተኛ ቺፕ ጥብቅና መቆም፣ የወረዳውን አየር ስም ማጥፋት የሚሉ ድክመቶች ተገኙባት። የሕዝብ ግንኙነቱ ደገፋ ተነስቶ፣ ፋብሪካ አንድ አድርጎ የሠራውን እኛ ማን ሆነን እንለያያለን ሲል ዓይኑን የጠረገ አልጠፋም። ሃያ አምስት የተመረጠበትም ምክንያት ጥልቅ ነው፤ የአቶ ማናሴ ቢሮ አየር ማቀዝቀዣ የሚስተካከለው በዚያ ቁጥር ነው። ከዚያ ውጭ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ ታገደ። ወደፊት ልቡ የላላ ሰው መጥቶ እገዳውን እንዳያነሳው፣ ውሳኔውን ያጸደቀው ኮሚቴ በአካል ተሰብስቦ አቶ ማናሴ ራሳቸው ካልመሩት በቀር እንዳይነሳ ተደረገ። ይህን ብልሃት ያከሉት እሳቸው ናቸው።

የቦርዱ ምረቃ ወለንጪቲ ላይ በማለዳ ሆነ። የቲማቲም አምራቾቹ ማኅበር ከጉድጓዱ ውሃ የሚስብበት ተራ ከቀትር በኋላ ቢሆንም፣ ለክብራቸው የጎረቤት ተራ ተለመነ። ወፍጮው ዝም ብሏል፣ አየሩ ቀዝቅዟል፣ ውሃው ተንዶለዶለ። አቶ ማናሴ ረጅም ንግግር አድርገው ተመለሱ። የማኅበሩ ተራ ሲደርስ ፓምፑ ቆመ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ቅጠሉ መጠውለግ ጀመረ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ዘርፉ ደወሉ። አቶ ማናሴ ደገፋን አስከትለው ገበሬውን ሊገመግሙ ወረዱ፤ ቦርዱ በውሳኔ ትክክል ከሆነ፣ ያጠፋ ሌላ ሰው መኖር አለበት። ከቀትር በኋላ በጠራራ ፀሐይ ቦርዱ ያለበትን የቆርቆሮ ሳጥን ከፍተው አጎነበሱ። ሰውነታቸው ሰፊ ነው፤ ጥላቸው ሳጥኑን ሸፈነው። ጥቂት ቆይቶ ፓምፑ ተነሳ።

«ይኸው!» ብለው ቀና አሉ። ብዙም ሳይቆይ ፓምፑ ቆመ። ደግመው አጎነበሱ። ውሃ መጣ።

«ልጄ፣ አትነቃነቅ» አሉ እትዬ ዘርፉ።

«ሸራ ይወጠርበት እንጂ!»

«ወጥረን ነበር፤ ነፋሱ ወደ አዳማ ወሰደው። አንተን ግን ነፋስ የሚያነሳህ አትመስልም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሥራ አስኪያጅ ነኝ።»

«ታዲያ ሥራህን ማን ከለከለህ?»

አቶ ማናሴ እንዳጎነበሱ ስልካቸውን አወጡ። ሑስናን፣ ያን የከፋውን ሁኔታ ዛሬውኑ ሞክረሽ ቦርዱን አስተካክዪ አሏት።

«ታግዷል እኮ፣ ጋሼ። ኮሚቴው በአካል ሳይሰበሰብ አይነሳም።»

«ሰብስቢያቸዋ!»

«ሁላችንም አዳራሽ ነን። የቀረን ሰብሳቢው ነው።»

አቶ ማናሴ ወደ መኪናቸው አንድ እግራቸውን አነሱ። ፓምፑ አንኮራፋ፤ ዶማ የያዘ ሰው ሁሉ ከየመደቡ ቀና ብሎ አያቸው። እግራቸውን መለሱ።

ደገፋ ፎቶ አንስቶ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ለቀቀው፤ «ሥራ አስኪያጁ በመስክ ተገኝተው ለአርሶ አደሩ ድጋፍ ሲሰጡ» ብሎ። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ዜናው እውነት ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነበር።