ጃንሆይን እጅ ስነሳ ያመለጠኝ ማይክሮፎን

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ስልኬ፣ በገዛ ፌስቡኬ ላይ ተዋረድኩላችሁ!

ላይቭ ገብቼ ነበር። የወጣትነት ታሪኬን ላጫውታችሁ ብዬ። ድምፄ ደግሞ፣ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ዛሬም አልዛገም።

ገና ከመጀመሬ ኮሜንቱ ዘነበ። «አባባ የት ገቡ?» «ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው!» «ጋሼ፣ ወደቁ እንዴ?»

አልወደቅኩም!

የሆነውን እንድትረዱት ግን ወደ ጃንሆይ ዘመን፣ ወደ ጎጃሟ ይጁቤ ልመልሳችሁ።

ያኔ በይጁቤ ሬዲዮ የነበረው ሐጂ ኑሩ ሱቅ ብቻ ነው። ሐጂ ጨው፣ ጨርቅና ስኳር ይሸጣሉ። ስኳሩን የሚጠቀልሉት በአሮጌ ጋዜጣ ነበር።

እኔ ማንበብ የተማርኩት በዚያ የስኳር ጋዜጣ ነው! የኔታ የለ፣ አስኳላ የለ። ፊደሉን ከአንዱ ከሌላው እየለቀምኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት በጎጃም ስንት ይገኛል? ልተወው፤ ራሴን ማመስገን አልወድም።

በገበያ ቀን ሐጂ በርሜል ላይ ያቆሙኛል። ጋዜጣውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ገበያው ጸጥ ይላል። አህያ ሳይቀር!

የዚያ ዘመን ዜና ሁሉ የሚጀምረው በግርማዊነታቸው ነው። ድልድይ ቢሠራ ግርማዊነታቸው፣ ትምህርት ቤት ቢከፈት ግርማዊነታቸው። ስማቸው ሲነሳ ሰው ሁሉ ነጠላውን አደግድጎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። እኔ አንባቢው ደግሞ ከሁሉ በፊት፣ ግንባሬ ጉልበቴን እስኪነካ!

ሥራ ስፈታ ከከተማው በላይ ባለው ሜዳ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጮቄን አያለሁ። ደመናው ተራራውን ቀስ ብሎ ሲሻገር ድምፄ አብሮት ሲሄድ ይታየኛል። በሮብ ገበያ ገብስ ላይ ያልፋል። በጉንደ ወይን መንገድ የደከመው ሹፌር ይሰማዋል። ዓባይን ሳይረጥብ ይሻገራል። አዲስ አበባ ሲደርስ አንዲት የማላውቃት ሴት ሬዲዮዋን ከፍ ታደርጋለች።

(ይህችን መስመር ባለቤቴ እንዳታነባት።)

አንድ ቀን ሐጂ ጠሩኝ። «ደብረ ማርቆስ የሬዲዮ ሰዎች መጥተዋል። ዜና አንባቢ እየፈተኑ ነው። ሂድ ልጄ፤ ኢንሻ አላህ በዚህ ሳጥን ውስጥ ሆነህ ትመለሳለህ» አሉና ሬዲዮኑን መታ መታ አደረጉት።

ይጁቤ በሙሉ ሸኘኝ። ጥሩወርቅም ነበረች። ልቤ የወደዳት የጎረቤት ልጅ። አባቷ ቁርጡን ነግረውኛል፤ «የሬዲዮ ሰው ከሆንክ እሰጥሃለሁ። በርሜል ላይ ለቆመ ሁሉ ግን ልጅ አልድርም!»

እንግዲህ የተጫነብኝን አስቡት።

የፈተናው ክፍል ውስጥ መነጽር ያደረጉ ፈታኝ፣ አንድ የቴፕ ሠራተኛ፣ ጠረጴዛ ላይ ማይክሮፎን፣ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶ። ወረቀቱን ሰጡኝ። አነበብኩት። እንዴት ያለ ንባብ!

ቴፑን መልሰው አሰሙኝ።

«ግርማዊ...» ከዚያ ጭጭ። ቆይቶ ቆይቶ፣ «...ድልድዩን መርቀው ከፈቱ!»

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩ።

ደገምን። ያው ነው።

ፈታኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ወንድሜ፣ እንዲያው ወገብህን ያምሃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እንግዲያው ስታነብ ቀጥ ብለህ...»

«ስማቸው ሲጠራ ነው ቀጥ የምለው፣ ጌታዬ?»

ፈታኙ ፎቶውን አዩት። ፎቶውም አያቸው። «አይ፣ አይ! እጅ መንሳቱስ ደግ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

የቴፕ ሠራተኛው ብልህ ነበር። «ጌቶች፣ ማይክሮፎኑን ዝቅ ብናደርገውስ?» ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

አነበብኩ። አሁን «ግርማዊነታቸው» እንደ ነጎድጓድ ወጣ! ቀና ስል ግን ዜናው በሙሉ ጠፋ። ጃንሆይ አሉ፤ የሠሩት ሥራ ግን የለም!

ፈታኙ ከወንበራቸው ተነሱ። «ይህማ ከፊተኛው የባሰ ያስጠይቃል!» ትከሻዬን ይዘው እስከ በሩ ሸኙኝ። «ድምፅህ ግሩም ነው። እንጠራሃለን።»

ይኸው እየጠበቅሁ ነው።

ይጁቤ ስገባ «አለፍኩ» አልኩ። አዎ፣ ዋሸሁ! ምን ላድርግ? የጥሩወርቅ አባት በር ላይ ቆመው ነበር!

በዜና ሰዓት የሐጂ ሱቅ ሞላ። አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ። «እሱ ነው! እሱ ነው!» አሉ። እኔ እዚያው መሃላቸው ቆሜያለሁ!

አንድ ገበሬ ሬዲዮኑንም እኔንም አየና «ኧረ ሰውየው እዚህ ነው ያለው!» አለ።

«ድምፄን ቀድተው ወስደውታል» አልኩ።

በቃ። የማላውቀው ሰው በእኔ ስም ዜና ሲያነብልኝ ከረመ። እግዜር ይስጠው። እሱን ጉንፋን ሲይዘው እኔ ይጁቤ ላይ እስል ነበር።

አንድ ቀን ጥሩወርቅ በአጥር በኩል ጠራችኝ። «ያ ድምፅ ያንተ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ግርማዊነታቸው ላይ አይጠፋማ! አንተ በርሜሉ ላይ ስታነብ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ትጠፋለህ።»

«ይህን የነገረኝ ሰው የለም!»

«ማን አይቶ ይንገርህ? ሁሉም ያጎነብሳል። ቀና ብዬ የማይህ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ለአባቷ አልተናገረችም። ተጋባን። አባቷም እስኪሞቱ ድረስ በዜና ሰዓት «ዝም በሉ፣ አማቼ ሊናገር ነው!» ይሉ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬያቸው ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ላወራችሁ ስልኩን በርጩማ ላይ አስደግፌ «በግርማዊነታቸው ዘመን...» ብዬ ጀመርኩ።

ወገቤ በራሱ ጎንበስ አለ!

ጃንሆይ ከዙፋን ከወረዱ ስንት ዘመን ሆነው? ለወገቤ የነገረው የለም! እናንተ ያያችሁት ከኋላዬ ያለውን ጽድ ነው።

ጥሩወርቅ ከበረንዳው ሳቋን ለቀቀችው። «ዛሬም እዚያው ላይ ጠፋህ!» አለች። እንደ ድሮው ቀና ብላ እያየችኝ ነበር።

አሁን ምክራችሁን እፈልጋለሁ፤ ላይቩን ልደግመው ነው። ስልኩን መሬት ላይ ላስቀምጠው? ግን ቀና ስልስ፣ የቀረውን ታሪኬን ማን ሊሰማልኝ ነው?