ማይክሮፎን የማይዘጉት ሀጅ ባዩሚ

የሰው ልጅ በቪዲዮ መሰብሰብና መማር ከጀመረ ወዲህ በሁለት ጎራ ተከፍሏል፤ ማይክሮፎኑን የሚዘጋና የማይዘጋ። ሌላው ልዩነት ሁሉ፣ ሀብታምና ድኻ፣ የተማረና ያልተማረ፣ የካይሮና የዱምያጥ ሰው፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ማይክሮፎኑን የማይዘጋው ሰው በየስብሰባው አንድ አይጠፋም። ሁለት ከሆኑ ስብሰባው ይፈርሳል፤ አንድም ከሌለ፣ እንደኔ እምነት፣ ስብሰባው ገና አልተጀመረም። ይህን የምለው እንደ ሊቅ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍኩ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሁለት የምሰርዝ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ግን ምስክር ነኝ። ከክቡር ሀጅ ባዩሚ፣ ከክፍት ማይክሮፎን ሊቀ መንበር ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ተምሬያለሁ።

ሀጅ ባዩሚ በከተማችን፣ በግብጿ የእንጨት ሠሪዎች ከተማ በዱምያጥ፣ የወርቅ ቅብ ወንበር የሚሠሩ አናጢ ናቸው። ጊዜው በሽታው መንገድ የዘጋበት ዓመት ነበር። ከጅዳና ከኩዌት የሚመጡት ገዢዎች ቀሩ፤ ወንበሮቻችን በየሱቁ ተደርድረው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። የእንጨት ሠሪዎቹ ማኅበር ዕቃን በቪዲዮ አቅርቦ መሸጥን የሚያስተምር የርቀት ትምህርት ከፈተ። ፈተናውን ያለፈ ከማኅበሩ ጋር ወደ ቪዲዮ ገበያው ይገባል፤ የወደቀ እንደ ፍጥርጥሩ።

እኔን የአንዲት ትንሽ ሱቅ ጸሐፊ ስለነበርኩ አሠሪዬ መዘገበኝ። ሀጅን ያስመዘገባቸው ግን ጭንቀት ነው። ልጃቸው ሂሻም የአባቱን ሥራ ቤት የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሊያደርገው ከቋመጠ ቆይቷል። በመጨረሻ አባትና ልጅ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ። ሀጅ ፈተናውን ካለፉ ሥራ ቤቱ ይቀጥላል፤ ከወደቁ ቁልፉን ያስረክባሉ።

“ዕድሜ ልኩን እንጨት ያሸተተ አፍንጫ አሁን ላስቲክ ያሽትት?” ይሉ ነበር ሀጅ።

የሰው ቤት ጉዳይ ከየት ሰማህ ትሉኝ ይሆናል። ከማይክሮፎኑ ነዋ! የሀጅን ጉዳይ ያልሰማ የክፍሉ ተማሪ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት በሰላምታ አለቀ። አንድ ተማሪ በስክሪኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ሀጅ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ እኛ የሚታየን የጃላቢያቸው ሆድ ብቻ ነው። “እንኳን ደህና መጣህ! ቤተሰብ እንዴት ነው? እናትህ እግራቸው ተሻላቸው?” ይላሉ። ሰውየው መልሶ ሳይጨርስ ሌላው ይገባል። የመጀመሪያው መስመር ይቋረጥበትና እንደገና ይገባል፤ ሀጅም እንደገና ብድግ ይላሉ፤ የእናትየው እግር እንደገና ይጠየቃል። መምህራችን ዶክተር ነርሚን “የዛሬው ርዕስ...” ብላ ርዕሱን ሳትነግረን መሸ።

ከዚያ ወዲያ የሀጅ ቤት በሙሉ አብሮን ተማረ። ባሻ የሚባል ካናሪ አላቸው፤ ዶክተር ነርሚን አፏን በከፈተች ቁጥር መዝፈን ይጀምራል። ጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በብረት እየቀጠቀጠ በመስኮታቸው ሥር ያልፋል። ባለቤታቸው ሀጃ ፊክሪያ ቅርጫት በገመድ አስራ ከሰገነት ወደ ባለሱቁ ታወርዳለች። “ቲማቲሙ የደረሰ ይሁን! ትናንት የሰጠኸኝ ለኳስ እንጂ ለወጥ አይሆንም!” ስትል እኛ ስለ ውጭ ገዢ ሥነ ልቦና ማስታወሻ እንይዛለን። የአንድ ጓደኛችን ደብተር ላይ “ገዢውን በትዕግሥት አዳምጠው፣ ቲማቲሙ የደረሰ ይሁን” የሚል ተጽፎ አይቻለሁ።

እራት ሲመጣላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለኛ ስለ ዱምያጦች ካይሮዎች የሚቀልዱትን ታውቃላችሁ፤ እንግዳችንን “እራት ትበላለህ ወይስ ቀለል ብለህ ትተኛለህ?” እንላለን አሉ። ሀጅ ይህን ስም ከከተማው ላይ ብቻቸውን ሊያጥቡ የተነሱ ይመስል ነጩን አይብና ትኩሱን ዳቦ ወደ ካሜራው ያስጠጋሉ።

“እንብላ! ኑ እንብላ! ዶክተር ልጄ፣ አንቺም ከስተሻል፣ ቅመሽ!”

“ይባረክ ሀጅ፣ እባክዎ እየተማርን ነው።”

“ሆዱ ባዶ የሆነ ምን ይማራል? በሞቴ!”

ክፍሉ በሙሉ አንድ በአንድ “ይባረክ” ብሎ ሳይጨርስ አይጎርሱም።

ዶክተር ነርሚን ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ግን የሰው ልጅ ነች። “ሀጅ፣ በማርያም... በነቢዩ ይሁንብዎ፣ ማይክሮፎኑን ይዝጉት” እያለች፣ ክርስቲያኗ፣ በሁለቱም ሃይማኖት ትለምናቸዋለች። ሀጅ ከልባቸው ይገረማሉ።

“እንዴት እዘጋዋለሁ ልጄ? ይሄ ሁሉ ሰው ቤቴ ተቀምጦ በሩን በፊቱ ልጠርቅምበት? አባቴ ይህን ቢያይ ምን ይለኛል?”

ነገሩ ይህ ነበር። ሀጅ መሣሪያው አልገባቸውም እንል ነበር፤ በራሳቸው መንገድ ግን ገብቷቸዋል። እሳቸው ዘንድ ስብሰባው የሚካሄደው በኮምፒዩተር ውስጥ ሳይሆን በእንግዳ ክፍላቸው ነው። በዱምያጥ እንግዳ ተቀምጦ በር አይዘጋም። መምህሯ አንዳንዴ ሲመራት በራሷ በኩል ማይክሮፎናቸውን ትዘጋባቸዋለች። ጥቂት ጸጥታ ይሆናል። ወዲያው ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ባሻ፣ ከዚያ ሀጅ፦

“ይቅርታ ወገኖቼ፣ በሩን ነፋስ ዘጋው።”

ሁልጊዜ ነፋስ ነው። ዶክተር ነርሚንን አንድም ቀን አልጠረጠሩም፤ ወይም እየጠረጠሩ ሸሸጉላት።

እኔስ? እኔ የሌላው ጎራ ሰው ነኝ። ማይክሮፎኔን የመጀመሪያው ቀን ዘጋሁት፤ ካሜራዬንም አጠፋሁ። ድምፄን ራሴ ስሰማው ዕቃ ሊበደር የመጣ ጎረቤት ይመስለኛል። ስም ሲጠራ “አለሁ” ብዬ በጽሑፍ እመልሳለሁ። በስክሪኑ ላይ የነበረኝ ድርሻ ስሜ የተጻፈበት ጥቁር መስኮት ብቻ ነው።

ሀጅ ግን ጥቁሩን መስኮትም አላለፉትም። ሁሉንም ሰላም ካሉ በኋላ ወደ ካሜራው ጠጋ ይላሉ።

“ወንድሜ ራእፋት፣ እንደምን አመሸህ? ባትመልስም ሰላም ብያለሁ። ከጨለማው ውስጥ ከሆንክ እንብላ።”

በልቤ “ይባረክ” እላለሁ። ብቻዬን ነበር የምኖረው፤ በዚያ ዓመት “እንብላ” የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

እንዲህ እያልን ከረምን። አንድ ሳምንት ባሻ ላባውን ሊጥል ዝም አለ፤ ዶክተር ነርሚን ሳትቀር ትምህርቱን አቋርጣ “ሀጅ፣ ባሻ ምን ነካው?” አለች። ጋዝ ሻጩ የዘገየ ዕለት ክፍሉ ዓይኑ ሰዓት ላይ ነበር።

ፈተናው ደረሰ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዕቃ ለገዢ እንደሚያቀርብ ሆኖ ያስረዳል። ገዢ ሆኖ የሚፈትነን ኢንጂነር ሠርወት የተባለ የካይሮ ሰው ነበር፤ ክራባቱ እንኳን የሚቆጣ ይመስላል። ገና ሲገባ ደንቡን ነገረን።

“አንዱ ሲፈተን ሌላው ድምፁ አይሰማኝ። የተሰማበት ወድቋል። በመስመሩ ላይ ጫጫታ ያመጣም እንደዚያው።”

ሁላችንም ወደ አንድ መስኮት ተመለከትን። ሀጅ ገርጥተዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ከጎናቸው በእጃቸው የሠሯት ባለ ወርቅ ቅብ ወንበር ቆማለች። ባሻ ጨርቅ ለብሷል። ከኋላቸው ሂሻም እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ተደግፏል። ሀጅ ከእኛ ዓይን ወደ ሂሻም፣ ከሂሻም ወደ ወንበሯ አዩ። ከዚያም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን ሰደዱና ማይክሮፎኑን ዘጉት። ያ ቤት ድንገት ጸጥ ሲል የሆነ ሰው የሞተ መሰለኝ።

ተራቸው ሲደርስ ስማቸው ተጠራ። ሀጅ ተነሡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና ንግግራቸውን ጀመሩ። አንድ ድምፅ አልተሰማም። ማይክሮፎኑን መልሰው መክፈቱን ረስተውታል። ስለማያውቁት አይደለም፤ በገዛ እጃቸው ዘግተውት ስለማያውቁ ነው።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የወንበሯን ክንድ ይዳብሳሉ። ገልብጠው እግሯን ያሳያሉ፣ ምስማር የሌለበትን መጋጠሚያ ያንኳኳሉ። ፊታቸው ላይ ላብ አለ። እንዲያ አምሮባቸው አይቻቸው አላውቅም፤ አንዲት ቃል ግን አይሰማም።

“ሀጅ...” ብላ ዶክተር ነርሚን ጀመረች።

“አይንገሯቸው” አለ ኢንጂነሩ። “መሣሪያውን ማወቅ የፈተናው አንድ ክፍል ነው። ጊዜያቸው እየሄደ ነው።”

ሀጅ የሱን ድምፅ ሲሰሙ ምስጋና መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ። እሳቸው ሲናገሩ የሰው ቃል አይለዩም። ሂሻም ከኋላ ሆኖ የገባው ነገር የለም፤ አባቱ ሲናገሩ ይሰማዋላ። ሁላችንም በየመስኮታችን ተቀምጠን እናያለን። አንዱ እጁን አወዛወዘ፣ ሌላዋ ጆሮዋን ጠቆመች። ሀጅ ሰላምታ መስሏቸው ለሁሉም እጃቸውን መልሰው አወዛወዙ።

የተሰጣቸው ጊዜ እያለቀ ነበር። በጭንቅላቴ የመጣው የዚያ ሥራ ቤት ግድግዳ ነው፤ መጋዝ በተሰቀለበት ላይ የሞባይል ሽፋን ተሰቅሎ። ጣቴ ወደ ማይክሮፎኔ ሄደ፤ እኔ ግን የላክሁት አይመስለኝም።

“ሀጅ!” አለ አንድ ድምፅ፣ ዕቃ ሊበደር እንደመጣ ጎረቤት። “ሀጅ ባዩሚ! በሩን ነፋስ ዘግቶታል!”

ያን ድምፅ በክረምቱ ሙሉ ሰምተውት ስለማያውቁ ዞር አሉ። ተጠጉ፣ አዩ፣ ተጫኑት። ቀጭ።

እና ያ ቤት ተመልሶ ገባ። ባሻ በጨርቁ ሥር ይዘፍናል። ጋዝ ሻጩ ይቀጠቅጣል። ሀጃ ፊክሪያ ከሰገነት ባለሱቁን ትረግማለች።

“ማነው የጮኸው? ራእፋት! ሰው ነህ ለካ!” አሉ። ቀጥለው ወደ ፈታኙ ዞሩ። “ኢንጂነር ልጄ፣ ይቅር በለኝ፣ እስካሁን ደጅ አቁሜሃለሁ። ግባ፣ ግባ። እራት በልተሃል?”

ኢንጂነር ሠርወት ክራባቱን ነካ አደረገ። ልንባረር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“አልበላሁም” አለ። “የዱምያጥ እንግዳ ነኝና ቀለል ብዬ ልተኛ?”

“አንተ ብቻ ና! የኔ ቤት የበላ ሰው የሚተኛው መነሣት አቅቶት ነው። እራቱ እስኪደርስልን እዚች ወንበር ላይ ተቀመጥ። ላሳይህ።”

በቀረቻቸው ጥቂት ጊዜ ወንበሯን አሳዩት። ስለ ገዢ ሥነ ልቦና አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ አስቀምጠው አጫወቱት እንጂ። ሲጨርሱ ኢንጂነሩ “ስንት ናት?” ብሎ ጠየቀ። ዶክተር ነርሚን ሳቋን ለመዋጥ ካሜራዋን አጠፋች። የጫጫታው ደንብ ተረስቶ ሀጅ አለፉ። ሂሻም ከበሩ ላይ ተነሥቶ ሄደ፤ ሲሄድ ግን ባሻን የሸፈነውን ጨርቅ ገፎለት ነው።

እኔ በደንቡ መሠረት ወደቅሁ፤ በሚቀጥለው ዙር ተመልሼ ተፈተንኩ። ሀጅ ያልተመዘገቡበትን ያን ዙር ሙሉ በእንግድነት እየገቡ “የራእፋት ሰው ነኝ” ይሉ ነበር።

ዛሬ ሁላችንም በማኅበሩ የቪዲዮ ገበያ ነን። ነገር ግን ጊዜው ሠልጥኗል። ፕሮግራሙ ራሱ ጫጫታ እየለየ ያጠፋል፤ የሰውን ድምፅ ብቻ አጥቦና አድርቆ ያመጣልናል። የሀጅ ማይክሮፎን እንደ ጥንቱ ክፍት ነው፤ ግን ባሻ አይሰማም፣ ቅርጫቱ አይወርድም፣ ጋዝ ሻጩ አያልፍም። ሁላችንም በየጉድጓዳችን ገብተን የምንነጋገር ይመስለኛል። ያኔ “ዝም በሉልን” እያለ ሲማረር የነበረ ክፍል በሙሉ አሁን የሚማረረው በጸጥታው ነው።

ስለዚህ ስብሰባው ሲያበቃ በተራ ስልክ እደውልላቸዋለሁ።

“ምን ፈለግህ ራእፋት?”

“ምንም ሀጅ። ስልኩን ባሻ አጠገብ ያስቀምጡልኝና ወደ ሥራዎ ይሂዱ።”

“እራት በልተሃል?”

“ይባረክ።”

“አልዘጋውም፣ በርህ ነው” ብለው ያስቀምጡታል። የመጋዛቸው ድምፅ ይጀምራል። ሻይዬን አቀርብና ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ጋዝ ሻጩ ሳያልፍ አልነሣም።