ዘጠኝ ተማሪ፣ አንድ መልስ

ወገን፣ ዛሬ የገዛ ተማሪዎቼ ፈተኑኝ። ወደቅኩ!

ቀልድ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የማስተምር፣ ማስተርስ ያለኝ፣ ከረባት የማስር ሰው ነኝ። (ዛሬ ግን ፈትቼዋለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዘጠኙ ተመራቂ ተማሪዎቼ የዳታቤዝ ፈተና ሰጠሁ። አማኑኤል ከተማ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የተዝረከረከ መዝገብ አለው እንበል፤ በሥርዓቱ ወደ ትናንሽ ሰንጠረዦች ከፋፍሉት አልኩ። መልሳቸውን ሳርም የዘጠኙ ወረቀት አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ቅደም ተከተሉ አንድ፣ ምክንያቱ አንድ።

ይባስ ብሎ ዘጠኙም ከየመልሳቸው ሥር በእንግሊዝኛ "ኋይ ኢፍ ዘይ ሴይ" ብለው ጽፈዋል።

ይሄ የየት አገር እንግሊዝኛ ነው?

ኩረጃ ነው ብዬ ለሁሉም ዜሮ ሰጠሁ። ለትምህርት ክፍል ኃላፊያችንም ክስ ጻፍኩ። ዜሮው ከጸደቀ ዘንድሮ አይመረቁም። ከመካከላቸው ፋጡማ አለች፤ እናቷ ለምርቃቷ ከደሴ ሊመጡ ተዘጋጅተዋል። አውቄም አልራራሁ። ቆራጥ መምህር ነኛ!

ዛሬ ጠዋት ላጋልጣቸው ጠራኋቸው። መብራት ስለጠፋ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ አዲስ መዝገብ ጻፍኩ፤ የሮብ ገበያ ገበሬዎች ስም፣ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ የወሰዱት ዘር። ሌሎቹ ውጭ እየጠበቁ፣ የጨረሰም በሌላኛው በር እየወጣ፣ አንድ በአንድ ገብተው እንዲሠሩት አደረግኩ።

ፋጡማ ገባች። ሠራችው። ሁለተኛውም ሠራው።

ዘጠኙም ሠሩት!

ግራ ገባኝ። የኮረጀ ሰው አይቶት የማያውቀውን ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

ሁሉንም አስገብቼ ማን እንዳስተማራቸው ስጠይቅ ወደ ይትባረክ ዞሩ። ይትባረክ ዲያቆን ነው። ይጁቤ አካባቢ የአብነት ትምህርት ቤት ያደገ፣ እኔ ክፍል ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ ልጅ። (ለተሳትፎ ከአስር ሁለት የሰጠሁት እኔው ነኝ።) ለካስ ቅዳሜ ቅዳሜ ዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ እሱ በተማረበት መንገድ ያስተምራቸዋል። እሱ ይላል፣ እነሱ ቃል በቃል ይቀበላሉ፤ ከዚያ "ለምን ቢሉ" ብሎ ምክንያቱን ያስከትላል። ያቺ ጉደኛ እንግሊዝኛ ለካ የእሷ ትርጉም ናት።

እኔ ያስተማርኩት አልበቃ ብሎ ነው ወይ አልኩት።

"በቅቷል መምህር" አለኝ መሬት መሬት እያየ። "እርስዎ አንዴ ብለውት ያልፋሉ። እኛ እስኪገባን እንደጋግመዋለን።"

ተናደድኩ። እኔ ላሳያችሁ ብዬ ጠመኔውን አነሳሁና ሰሌዳውን ሞላሁት። ጨርሼ ዞር አልኩ።

"ቲቸር" አለች ፋጡማ፣ "ወረዳው ከገበሬው ጋር ምን ይሠራል?"

ሰሌዳውን አየሁ። ወረዳው የገበሬው ሰንጠረዥ ውስጥ ተቀምጧል። ምን እንደሚሠራ ግን እኔም አላወቅኩም። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር እኮ ነው!

"ወረዳው ከቀበሌው ጋር ይቀመጣል" አለ ይትባረክ ቀስ ብሎ። "ለምን ቢሉ፣ ቀበሌው ከታወቀ ወረዳው ይታወቃልና።"

ከዚያ ጠበቀኝ። ምን እንደሚጠብቅ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ለካ እንድቀበለው ነው።

ተቀበልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ። አፍሬ ላቤ ጠብ እስኪል።

ከሰዓት ክሱን ላነሳ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ኮርጀዋል ወይስ አልኮረጁም አለኝ። አልኮረጁም፣ መልሱ ግን የአንድ ሰው ነው፣ ደግሞም የየራሳቸው ነው አልኩት። አትሳቁ፣ እኔም አልገባኝም! በጽሑፍ ስጠኝ አለኝ። እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩለት።

አንብቦ ቀና አለ።

"'ዜሮው ይነሳ፤ ለምን ቢሉ' ነው የሚለው" አለኝ። "ይቺን ደግሞ አንተ ከማን ኮረጅክ?"

ዜሮው ተነስቷል። የፋጡማ እናት በሰላም ይምጡ። የይትባረክንም ሁለት ከአስር አስተካክላለሁ።

እኔን ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፦ ኮረጅኩ ወይስ ተማርኩ?