እትዬ ቱሊኪና ራቁታቸውን የቆሙት ደብዳቤዎች

በፊንላንድ ምድር የማመልከቻ ደብዳቤ አራሚ የሌለበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ካለ፣ ወይ ተሠርቶ አላለቀም፣ ወይ ነዋሪው በሙሉ ጡረታ ወጥቷል። አራሚ ማለት ሳትጠራው የሚመጣ፣ ጠርተኸው ደግሞ የምትጸጸትበት ሰው ነው። የኛ ሕንፃ አራሚ ክብርት እትዬ ቱሊኪ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ፣ ቁመታቸው እስከ ደረቴ፣ እርሳሳቸው ቀይ።

እትዬ ቱሊኪ በወረቀት ፋብሪካችን የውጭ ሽያጭ ቢሮ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ፋብሪካው ሲዘጋ ግማሹ ከተማ ሥራ ፈታ፤ አዲሶቹ ቀጣሪዎች ደግሞ ማመልከቻ የምንቀበለው በእንግሊዝኛ ነው አሉ። እሳቸው ያኔ ነገሡ። ችሎት የሚቀመጡት ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የማጠቢያ ተራቸው ማክሰኞ ነዋ። «ማሽኑ እስኪጨርስ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ» ይላሉ። እኛ የተገለበጠ የልብስ ቅርጫት ላይ ተደርድረን ፍርዳችንን እንጠብቃለን። ክፍያ የለም፤ አንድ ብልቃጥ የጫካ ፍሬ ማርማላታ ይዞ የመጣን ግን አይመልሱም።

በሽታችን አንድ ነው። እንግሊዞች ከሥራ ስም ፊት ቁራጭ ቃል ካላስቀመጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ከብዙዎቹ አንዱ ከሆንክ «ኤ»፣ ያ አንድዬው፣ የታወቀው ከሆነ «ዘ»። በኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለሱ ስንት ዘመን ኖረናል፣ ማንም አልሞተም። ስለዚህ «መሐንዲስ ነኝ» ብለን ስንጽፍ መሐንዲሱን ባዶውን እንሰደዋለን። ይሄኔ እትዬ ቱሊኪ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና «ራቁቱን!» ይላሉ። «ሳውና ውስጥ እንደፈለግህ ራቁትህን ተቀመጥ። ደብዳቤ ላይ ግን እባክህ አንድ ነገር ልበስ!»

የአውቶቡስ ሾፌሩ ኡርሆ ይህን ሰምቶ ፈራና፣ ለአንድ የኖርዌይ ኩባንያ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ዘ» አለበሰው።

«ኡርሆ።»

«አቤት እትዬ።»

«በዚህ አገር ሾፌር አንተ ብቻ ነህ እንዴ?»

«ኧረ አይደለሁም! እኛ ድርጅት ብቻ አምስት መቶ እንሆናለን።»

«ታዲያ ይሄ ‹ዘ› ምን ይሠራል? ለንግሥና ነው የምታመለክተው?» አንገቱን ሲደፋ ግን አሳዘናቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አየህ፣ ማስታወቂያ የወጣበት ቦታ አንድ ነው፤ እሱን ‹ዘ› በለው። አንተ ከብዙዎቹ አንዱ ነህ። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ ኡርሆ። አልገባውም።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ የድሮ ደንበኞቻቸው ከውጭ አገር በእንግሊዝኛ የመልካም ልደት ካርድ ላኩላቸው። እትዬ ቱሊኪ ካርዱን በቀይ እርሳስ አርመው፣ ከሥሩ «አመሰግናለሁ፤ ሁለት ስህተት» ብለው በፖስታ መለሱት። ዘንድሮ ማንም አልጻፈላቸውም፤ እሳቸው እንደሚሉት ፖስታ ቤቱ ሰንፎ ነው።

እኔ ታኔሊ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካው የአራተኛው ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ፤ ሥራ ከፈታሁ አሥራ አራት ወሬ ነው። ስምንት ማመልከቻ ልኬ ስምንቱም የውሃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል። በመጨረሻ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በወደባችን ለተከላቸው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ጠጋኝ ፈለገ። ይሄም ካመለጠኝ ቤቴን ዘግቼ ሄልሲንኪ እህቴ ጋ መጠጋቴ ነው። በሃምሳ አራት ዓመቴ የእህቴ ሳሎን ውስጥ! ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ደብዳቤዬን ይዤ ማክሰኞ ወረድኩ። እትዬ ቱሊኪ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ቀዩ እርሳስ ንቅንቅ አላለም።

«ልብሱ ሙሉ ነው» አሉ። «ውስጡ ግን ሰው የለም።»

«እንዴት እትዬ?»

«‹ከማሽን ጋር በተያያዘ መጠነኛ ልምድ አለኝ› ብለሃል። ሃያ ሁለት ዓመት ነው መጠነኛ?»

«እና ራሴን ላወድስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሆላንዶቹ ምንም አይሉህም። ይቀጥሩሃል።»

እኛ አገር እንዲህ ነን። ቤቱን በገዛ እጁ የሠራ ሰው እንኳ ሲጠየቅ «ጣሪያ አለው» ብሎ ዝም ነው። ከደብዳቤው ጋር በሚላከው ቅጽ ላይ ስለ ሥራዬ የሚመሰክር ሰው ስም ሲጠየቅም ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ ማንንም ማስቸገር አልፈለግኩም። እትዬ ቱሊኪ ባዶውን ቦታ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡና የገዛ ስማቸውንና አድራሻቸውን ጻፉበት።

«ባዶ ቦታ አልወድም» አሉ። «በል አሁን ሂድ፣ ማሽኔ ቆሟል።»

በሦስተኛው ሳምንት ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ማርሌን የምትባለው የኩባንያው ኃላፊ ትንሽ ካነጋገረችኝ በኋላ «ምስክርህ የላኩልንን ብትሰማው ደስ ይለኛል» አለችና አንድ ወረቀት ታነብልኝ ጀመር።

«ማሽን ሲቆም ወረቀት ይዘገያል፤ ወረቀት ሲዘገይ ለደንበኞች የይቅርታ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ታኔሊ አራተኛውን ማሽን ከመረከቡ በፊት በዓመት ሠላሳ አርባ እጽፍ ነበር። እሱ ከያዘው በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስለዚያ ማሽን የጻፍኩት አራት ብቻ ነው። መልኩን እንኳ ሳላውቅ፣ ልጆቼ ሳይተኙ ቤቴ የምደርሰው በሱ ምክንያት እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ከእትዬ ቱሊኪ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ይህን አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። በኛ ቋንቋ ሰው ፊት ለፊት አይመሰገንም፤ በእንግሊዝኛ ግን ወጣላቸው።

ሥራውን አገኘሁ። ማክሰኞ ሲደርስ እየቸኮልኩ ወረድኩ።

«እትዬ፣ የጻፉትን አነበቡልኝ።»

«ስህተት አለው አሉ?»

«ኧረ ምንም!»

«እንግዲያው ምን ትገተራለህ? የሳሙናውን ካርቶን አቀብለኝ።»

ካርቶኑን አቀብዬ ተመለስኩ። ምስጋናዬን ይዤው ቤቴ ገባሁ።

በዚያ ክፍል ጥግ የአንሶላ መዳመጫ አለ፤ አንሶላውን በሁለት እንጨቶች መሃል እያንከባለለ የሚያለሰልስ አሮጌ ማሽን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደሚታረድ አሳማ ሲጮህ እትዬ ቱሊኪ «ይሄ ነገር አንድ ቀን ይገድለኛል» ይላሉ። ከላይ ጠጋኝ ይኖራል፤ እሳቸው ጠግንልኝ አላሉም፣ እኔም ልጠግን አላልኩም። ረቡዕ መፍቻዬን ይዤ ወረድኩ፤ ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ ኩሽኔታውን ቀየርኩለት።

በማክሰኞው እትዬ ቱሊኪ ጩኸቱን ጠብቀው ፊታቸውን አጨማደዱና አንሶላቸውን አስገቡ። ዝም። መዳመጫው ዞረ፣ አሁንም ዝም። ዞር ብለው ቅርጫት ላይ የተቀመጥነውን አንድ በአንድ አዩን። ጥፍሬ ሥር የቀረውን ግራሶ ሲያዩ ቆሙ።

«ደህና ነው» አሉ።

በኛ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ገና አልተፈጠረም። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በአንሶላው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንፋሎቱ ነው» አሉኝ።

መዳመጫው ቀዝቃዛ ነው፤ እንፋሎት የሚባል ነገር የለውም። ጠጋኙ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን እወዳቸዋለሁ።

«አዎ እትዬ» አልኩ፤ «እንፋሎቱ ነው።»