በሰኞ ማክሰኞ የተያዘ ቤት

ልጅ ሲያሸንፍ እናት ደስ ይላታል ይባላል። ማን ነው ያለው? ተከራይቶ አያውቅም ማለት ነው።

እኛ ዲላ ውስጥ እትዬ ዘነበች ግቢ ነው የተከራየነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ምሕረት ሰኞ ማክሰኞ ስትዘል መሬት የምትነካ አትመስልም። ጨዋታውን ታውቁታላችሁ፤ ቤት ቤት ይሰመራል፣ በአንድ እግር ይዘለላል፣ ሳይሳሳት የጨረሰ አንድ ቤት ይይዛል። በያዘው ቤት እሱ በሁለት እግሩ ያርፋል። ሌላው ሳይረግጥ ይሻገራል፣ ወይ ያስፈቅዳል።

ምሕረት ሦስት ቤት ያዘች። ሦስቱንም በተከታታይ! የአከራያችን ልጅ ሊዲያ ያን ሁሉ ልሻገር ብላ በቂጧ ተቀመጠች። አለቀሰች።

ክረምት ሊገባ ሲል የምሕረትን ታናሽ አዝዬ ቤት ፍለጋ ልዞር ነው? ምሕረትን ጠራሁና አንዱን ልቀቂላት አልኳት፣ በጆሮዋ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ዘልዬ ነው ያገኘሁት!"

እትዬ ዘነበች ከበረንዳ ወረዱ። ግቢው የማን ነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ያውቃላ። "እንግዲያው ቤቶቹ በሙሉ የሊዲያ ናቸው" ብለው ፈረዱ። እኔም ልክ ነው እትዬ አልኩ። መንከስ ያልቻሉትን እጅ መሳም ነው ይባል የለ? ጭራሽ በመዳፌ አሽቼ የልጄን የጠመኔ ምልክት አጠፋሁ። እጄን ይቁረጠው!

ሊዲያ ሁሉንም ይዛ ብቻዋን ዘለለች። የምትሻገረው የሰው ቤት የለ፣ የሚያስፈቅዳት የለ። ልጆቹ አጥር ሥር ቁጭ ብለው ያዩዋታል። ብዙም አልቆየች፣ እንደገና አለቀሰች። የፊተኛው ለቅሶ ይሻል ነበር።

በራችን ተንኳኳ። በቃ፣ ልቀቁ ሊሉን ነው ብዬ ፍራሹን በዓይኔ መጠቅለል ጀመርኩ። እትዬ ዘነበች ግን "የምሕረት እናት፣ ልጅሽን ላኪልኝ፤ ይቺ ልጅ ጆሮዬን በላችው" አሉ። እሺ ከማለቴ ምሕረት ከኋላዬ፣ "መጀመሪያ ሦስቱ ቤቴ ይመለስ" አትልም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። እትዬ ዘነበች ግን "ይመለስላት" አሉ።

እንግዲህ ከቤተሰባችን እዚህ ግቢ ቤት ያላት እሷ ብቻ ናት። ችግሩ፣ ቤቶቹ ያሉት ወደ ቧንቧው መሄጃ ላይ ነው። ትናንት ውሃ ቀድቼ ስመለስ "እማዬ፣ አስፈቅጂ!" አለችኝ። እናትሽ ነኝ ብዬ ተቆጣሁ። እትዬ ዘነበች ከበረንዳ ሆነው፣ "ሕግ ነዋ፣ የምሕረት እናት!" አሉኝ።

ምን ላድርግ? ልጄን አላስፈቅድም። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኔን ተሸክሜ በአንድ እግሬ ዘለልኩ።